በዩታ በረሃ የፈነዳው ጎማና የአሰብ መንገድ ሹፌር የነበሩት አጎቴ

አሜሪካ ያላችሁና ከፒክአፕ ኋላ የሚጎተተውን ተሳቢ ቤት ገዝታችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለመውጣት የምታስቡ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ስለ ጎማው ነው። ልትገዙ ስትሄዱ ሻጭ የሚያሳያችሁ አልጋውን፣ ምድጃውን፣ ፍሪጁንና ሻወሩን ነው። ጎማው ጋ ጎንበስ የሚል የለም። እኛ የገዛነው ያገለገለ ነበር። ሻጩ ጎማዎቹን በጫማው መታ መታ አድርጎ "እንደ አዲስ ናቸው፣ ጥርሳቸውን ተመልከቱ" አለን። ጥርሳቸው እውነትም አልተበላም። በኋላ የፈነዳውም ያው ጥርሱ ያልተበላው ጎማ ነው።

ተሳቢውን የገዛነው ለቅንጦት አይደለም። አምስት ሰው ሆኖ ሆቴል ማደር ኪስ ይጎዳል። ከዚያ በላይ ደግሞ እናቴ አለች። ከደብረ ብርሃን መጥታ እኛ ጋ ስትከርም ጾሟን የማታፈርስ ሰው ናት፤ መንገድ ላይ የሚሸጥ ምግብ አይሆንላትም። ተሳቢው ውስጥ ሽሮዋን ራሷ ትሠራለች፣ እንጀራው ከዴንቨር ተጭኖ ይሄዳል፣ ጠዋት በሩን ከፍታ ውዳሴ ማርያሟን ትደግማለች። ያንን ካየሁ ወዲህ ሆቴል አምሮኝ አያውቅም።

አይ-70 የሚባለው አውራ ጎዳና ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ተራራውን ይወጣና በአይዘንሀወር ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ዋሻው ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ በአብዛኛው ቁልቁል ነው። ግራንድ ጃንክሽን ሲደረስ ከፍታው ወደ 1,400 ሜትር ይወርዳል፤ ሐምሌ ላይ ከሆነ ሙቀቱ ፊት ይለበልባል። ዩታ ውስጥ ደግሞ ግሪን ሪቨር የምትባለውን ትንሽ ከተማ ካለፋችሁ እስከ ሳላይና ድረስ ከ100 ማይል በላይ ማደያ የለም፣ ሱቅ የለም። ጎማችን የፈነዳው እዚያ መሃል ነው።

መጀመሪያ ፍንዳታ ሰማን፤ ቀጥሎ ከኋላ የማያቋርጥ ድብደባ። በቀኙ መስታወት ሳይ ጥቁር የጎማ ቁራጭ ከተሳቢው ሥር እየተገለባበጠ ወጣ፣ አቧራው ተከተለው። እናቴ "በስመ አብ!" ብላ ልጆቹን እቅፍ አደረገቻቸው። ባለቤቴ ፍሬን አልረገጠም። እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ያዘ፣ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ መቆጣጠሪያው ቀስ እያለ እየነካካ ዳር አውጥቶ አቆመው። ተሳቢ እየተወዛወዘ የመኪናውን ፍሬን በድንጋጤ መርገጥ ተሳቢው መኪናውን ከኋላ ገፍቶ እንዲያጣጥፈው ያደርጋል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልተነካም።

ከወረድን በኋላ ያየሁት ግን እስካሁን አይረሳኝም። ጎማ ሲፈነዳ አየሩ ወጥቶ ብቻ አያበቃም። የተገነጠለው ሽፋን ጎማው በዞረ ቁጥር ከላዩ ያለውን ይገርፋል። የኛው መከለያውን ቀዶ፣ የመብራቱን ሽቦ በጥሶ፣ የጋዙን ቧንቧ አጣሞ፣ ወለሉን ሰብሮ በትንሹ ልጄ አልጋ ሥር ብቅ ብሎ ነበር። ፍራሹን ሳነሳ ከጎማው ውስጥ የወጣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የብረት ሽቦ ተሰክቶበት አገኘሁ። በጉዞ ላይ ተሳቢው ውስጥ ሰው አይቀመጥም የሚባለውን ብዙዎች እንደ ተራ ደንብ ያዩታል። ልጅ "እዚያ ልተኛ" ብሎ ቢያለቅስ እንኳ እሺ እንዳትሉ እለምናችኋለሁ። ባለቤቴ ከሁሉ አስቀድሞ የጋዙን ሲሊንደር ዘጋ፤ እናቴንና ልጆቹን ከመንገዱ ራቅ አድርገን በጃንጥላ አስጠለልናቸው።

ተሳቢያችን በየጎኑ ሁለት ሁለት ጎማ አለው። የመኪናው ክሪክ አልደረሰም፤ ስለዚህ ጤነኛውን ጎማ በተደራረበ ጣውላ ላይ አወጣነውና የፈነዳው ከመሬት ተነሳ። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ተሳቢው ይነቃነቃል፣ አሸዋው ዓይን ውስጥ ይገባል። ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) አስረን በቀስታ ተጓዝን፤ 50 ማይል ያህል ከሄድን በኋላ ቡሎኖቹን እንደገና አጠበቅናቸው፣ አዲስ የታሰረ ጎማ ይላላልና።

ማታ የፈነዳውን ጎማ በስልክ መብራት አገላብጠን አነበብነው። በጎማው ጎን ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር አለ፤ መጨረሻው 4 አሃዝ ነው። የፊተኞቹ 2 አሃዞች ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ 2 ዓመቱን ይነግሯችኋል። የኛ 1916 ይላል። በፈረንጆቹ 2016 በ19ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው፤ ሲፈነዳ ሰባት ዓመት አልፎታል። ሙሉው ድርድር ብዙ ጊዜ በጎማው አንድ ጎን ብቻ ስለሚታተምና ያ ጎን ወደ ውስጥ ሊዞር ስለሚችል፣ ለማየት ከተሳቢው ሥር መግባት ሊያስፈልግ ይችላል። ልብሳችሁ ይቆሽሽ እንጂ ግቡ። የተሳቢ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ዕድሜው ያልቃል፤ ምንም ያህል አዲስ ቢመስል ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ቀይሩት ነው የሚባለው። ፍጥነቱም ወሰን አለው። ኤስቲ (ST) የሚል የተጻፈበት የተሳቢ ጎማ ሌላ የፍጥነት ምልክት ከሌለው በተለምዶ በሰዓት ለ65 ማይል ነው የሚሠራው። ኤል (L) ካለው 75፣ ኤም (M) ካለው 81 ማይል ነው። በረሃው ላይ ግን መንገዱ ከ65 በላይ ይፈቅዳል፣ ከኋላ የሚመጣውም ይገፋችኋል። ይግፋ፤ ቀኙን ይዛችሁ ሂዱ።

ይህን ሁሉ ዘንድሮ ደብረ ብርሃን ዘመድ ጥየቃ መጥቼ ለአጎቴ ነገርኳቸው። ጋሼ የወጣትነት ዘመናቸውን የጨረሱት በአሰብ መስመር ነው። ከ1990ው ጦርነት በፊት አሰብ የአገራችን ዋና ወደብ በነበረ ጊዜ፣ ከነተሳቢው ከአዲስ አበባ ተነስተው በደብረ ብርሃን፣ በኮምቦልቻ፣ በባቲና በሚሌ ይመላለሱ ነበር። ፎቶውን በስልኬ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ዝም ብለው ብዙ አዩት።

"ልጆቹ የት ነበሩ?" አሉኝ መጀመሪያ።

"መኪናው ውስጥ፣ እኛ ጋ።"

"ተመስገን። ስንት ኩንታል ነው የሚጭነው?"

"ጭነት የለውም እኮ ጋሼ፣ ቤት ነው።"

"ቤቱ ራሱ ጭነት አይደል? ውኃው፣ ምድጃው፣ የእናትሽ ጓዝ!"

ደግነቱ ከፍንዳታው በኋላ የከባድ መኪና ሚዛን ላይ አውጥተነው ስለነበር መልስ አላጣሁም። ጎማዎቹ ላይ ያረፈው ክብደት ወደ 30 ኩንታል ነው። እያንዳንዱ ጎማ 1,760 ፓውንድ ይሸከማል ተብሎ ተጽፎበታል፤ ይህም 8 ኩንታል ገደማ ነው፣ አራቱ 32 መሆናቸው ነው። ጋሼ በጣታቸው አሰቡና "2 ኩንታል ነው እንግዲህ የተረፋችሁ። ለመሆኑ ቀኝና ግራውን ለየብቻ መዝናችሁታል?" አሉ። መዝነነዋል። ኩሽናው፣ የምግብ ቁም ሣጥኑና 150 ሊትር የሚይዘው የውኃ ታንከር ወደ ቀኝ ያደላሉ፤ የቀኞቹ ሁለት ጎማዎች ብቻቸውን 16 ኩንታል ደርሰዋል። ጫፋቸው ላይ ነበሩ ማለት ነው። የፈነዳውም የቀኝ ነው። አንዱ ሲፈነዳ ደግሞ የጎኑ ጎማ የሁለት ሸክም ይሸከማል፤ ስለዚህ ሳይፈነዳ የቀረውንም እንዳታምኑት። እኛም እሱን ዳግመኛ አልተጠቀምንበትም።

ጋሼ ከዚያ ወደ ጣርማበር ወሰዱኝ፣ በወሬ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ ብርዱና ጉሙ የታወቀ ነው። ዋሻውን አልፎ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። የኛን የአይዘንሀወር ዋሻና የግራንድ ጃንክሽን ቁልቁለት ስነግራቸው "ያው መንገድ ነው እንግዲህ" አሉ፣ ተገርመው። እሳቸው በዝቅተኛ ማርሽ ነበር የሚወርዱት። ፍሬን ከተረገጠ ይግላል፣ ግለቱ ወደ ቸርኬው ያልፋል፣ ከቸርኬው ወደ ጎማው። ደብረ ሲና ላይ ያቆማሉ። ሰዉ ወርዶ ቆሎ ሲገዛ ረዳታቸው ዱላ ይዞ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየመታ ይዞራል። አየር የሞላው ጎማ ዱላውን መልሶ ያነጥራል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው፤ የጎደለበት ድምፁ ይታፈናል። ከዚያ ጋሼ ራሳቸው የእጃቸውን ጀርባ ወደየቸርኬው መሃል ያስጠጋሉ። ከሌሎቹ አብልጦ የጋለ ካለ እዚያ አንድ ነገር አለ፣ ፍሬኑ ነክሷል ወይም ኩሽኔታው እየተበላ ነው። ይህን ሲያሳዩኝ የሻይ ብርጭቆውን በእጃቸው ጀርባ ነክተው ነበር፤ መዳፍ ቢቃጠል መሪ አያስይዝም አሉኝ።

"ከሚሌ ወዲያ ቀን አንነዳም፣ ሌሊት ነው። አንድ ረዳት ነበረኝ፣ ጎማው ሲግል እየዞረ አየር ያስተነፍሳል። ተው ብለው እምቢ አለኝ፣ አሰናበትኩት።"

ልክ ነበሩ። ጎማ ሲሞቅ ግፊቱ መጨመሩ የተጠበቀ ነው። ጎማን የሚገድለው የአየር ማነስ ነው። አየር ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይተጣጠፋል፣ መተጣጠፉ ሙቀት ይወልዳል፣ ሙቀቱ ላስቲኩን ከውስጡ ብረት ያላቅቀዋል። ስለዚህ ግፊቱ የሚለካው ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይነካውና መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። የተሳቢ ጎማ ደግሞ እንደ ቤት መኪና ለምቾት ተብሎ አይቀነስለትም፤ ጎኑ ላይ እስከተጻፈው ድረስ ይሞላል።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ስለ መቆም የነገሩኝ ነው። አሰብ ከተዘጋ በኋላ መኪናቸው ሥራ አጥቶ ግቢያችን ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ነበር። ልጅ ሆኜ ከሥሩ ስጫወት የጎማዎቹ ጎን ተሰነጣጥቆ ጥፍሬ ስንጥቁ ውስጥ ይገባ እንደነበር አስታውሳለሁ። ጋሼ "እነዚያ ጎማዎች አሰብ ቢመላለሱ ኖሮ ያን ያህል አይሰነጠቁም ነበር" አሉኝ። ነገሩ እውነት ነው። ላስቲኩ ውስጥ ከአየርና ከፀሐይ የሚከላከል ሰም መሰል ነገር ይጨመራል፤ ጎማው ሲንቀሳቀስ ያ ሰም ወደ ላይ ይወጣል። ቆሞ የሚከርም ጎማ ይህ ይጎድለውና ይደርቃል። ተሳቢ ቤት ደግሞ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ነው የሚከርመው። ዴንቨርም እንደ ደብረ ብርሃን ደጋ ናት፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐይዋ ጨካኝ ናት። ስታቆሙት ጎማውን ሸፍኑት፣ ከሥሩ ጣውላ አድርጉለት፣ ውኃውንም አፍስሱ። በየጎኑ ሁለት ሁለት ጎማ ያለውን ተሳቢ ደግሞ ካምፕ ውስጥ በጠባቡ አታዙሩት። ጎማዎቹ ወደ ጎን ይጎተታሉ፤ ውስጣቸው ሲላቀቅ ከውጭ አይታይም።

አሁን ያሰርናቸው ጎማዎች መጠናቸው ያው ሆኖ ጥንካሬያቸው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ነው፤ እያንዳንዳቸው 2,040 ፓውንድ፣ ማለትም ከ9 ኩንታል በላይ ይሸከማሉ። ግፊታቸው ከ50 ወደ 65 ፒኤስአይ ስለሚጨምር ቸርኬው ያንን መቻሉን አስቀድመን አረጋግጠናል፤ ይህን ሳታረጋግጡ እንዳትቀይሩ። በየጎማው መተንፈሻ ላይ ግፊትና ሙቀት የሚለካ ትንሽ መሣሪያም አሰርን፤ ጋቢና ውስጥ ያለው ስክሪን አየር መቀነስ ሲጀምር ይጮኻል። የጎማዎቹ ዋጋ የተሰበረውን ወለልና ግድግዳ ለማሠራት ከከፈልነው ያንሳል።

ጋሼ ይህንን ሰምተው "ስኮርታውስ?" አሉ። የቀድሞው ስኮርታ የፈነዳው ጎማ እኩያ ነበር፤ ከኋላ ተሰቅሎ ፀሐይ ሲመታው የኖረ። ስለዚህ አምስት ገዛን አልኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። እናንተም ልትገዙ ስትሄዱ የአራቱን ብቻ ሳይሆን የአምስቱንም ቁጥር አንብቡ። ከሩቅ ከተማ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ የየጎማውን 4 አሃዝ ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። ማንበቡ ካስቸገራችሁ ለኔ ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።