ማታ ማታ የሚጠፋው ካሜራ

የቤት ካሜራ የሚገጥምና የሚጠግን ሰው በብዛት የሚሰማው ቅሬታ «ዋይፋዩ ካሜራውን እየጣለው ነው» የሚል ነው። ደንበኛው ችግሩን ሲነግርህ ምርመራውንም ጨርሶ ነው የሚጠራህ። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሰዓት ነው። መቼ መቼ ነው የሚጠፋው?

የዚህ ገጠመኝ ባለቤት በዕድሜ የገፉ፣ ነገር የሚከታተሉ ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። «ልጄ፣ የበሩ ካሜራ ቀን ቀን ምንም አይለው፤ ሲመሽ ነው የሚያብድብኝ» አሉኝ። የጓሮው ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ለቀናት ደህና ይሰነብትና ድንገት ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። እሳቸው ሁለቱንም «ኔትወርኩ ደካማ ነው» በሚል ደምድመው ሪፒተር፣ ማለትም ዋይፋይ ተቀብሎ የሚያራዝም ዕቃ፣ ገዝተዋል። ለውጥ የለም።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ገና እንደገባን ራውተሩን ነቅሎ ሊሰካው እጁን ሲዘረጋ አስቆምኩት። ብዙ ራውተር ሲጠፋ የመዘገበው ነገር አብሮት ይሰረዛል፤ የሚጠቀምበት ቻናል፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚተላለፍበት የሬዲዮ መስመርም፣ ሊቀየር ይችላል። ችግሩ ለጊዜው ይጠፋና ምክንያቱን ሳታውቅ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። በሳምንቱ ስልክህ ይጮኻል።

ከራውተሩ ይልቅ የበሩን ካሜራ ሚሞሪ ካርድ አወጣን። ሚሞሪ ካርድ ያለውና ያለማቋረጥ እንዲቀርጽ የተደረገ ካሜራ ብዙውን ጊዜ ዋይፋይ ቢጠፋበትም መቅረጹን አያቆምም። ስለዚህ ስልክ ላይ ያለው የካሜራው አፕ «ኦፍላይን» ባለበት ሰዓት ካርዱ ላይ ቪዲዮው ካለ፣ የተቋረጠው ኔትወርክ ነው። ካርዱም ላይ ከሌለ ካሜራው ራሱ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። ሁለቱ የማይገናኙ በሽታዎች ናቸው፤ አፑ ላይ ግን መልካቸው አንድ ነው።

የጋሼ ካርድ ማታ ማታ ላይ የተቦጫጨቀ ነበር። ምስሉ ከቀለም ወደ ጥቁርና ነጭ ይቀየራል፣ ወዲያው ይቆረጣል፣ ከደቂቃ በኋላ ይቀጥላል፣ እንደገና ይቆረጣል። እስኪነጋ እንዲሁ።

እስኪመሽ መጠበቅ አላስፈለገንም። ልጁ መሰላል ላይ ወጥቶ ካሜራውን በኮፍያው ሸፈነው። ካሜራው የመሸ መሰለው። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የሌንሱ ማጣሪያ ሲቀየር የሚሰማ ድምፅ ነው። በጨለማ እንዲያይ የሚረዱት የኢንፍራሬድ መብራቶች ደብዘዝ ብለው ቀሉ። ከዚያ ሁሉም ድርግም አለ። ትንሽ ቆይቶ ካሜራው አንገቱን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ አዞረና ቦታው ተመለሰ። የሚዞር ካሜራ እንዲህ የሚያደርገው እንደ አዲስ ሲነሳ ነው። ዋይፋይ ብቻ ቢጠፋበት ኖሮ ዝም ብሎ ይቆም ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ የኔትወርክ አይደለም፣ የመብራት ነው» አልኳቸው። አላመኑኝም። ቻርጀሩ ደህና መሆኑን በቴስተር አስለክተው ነበርና። እውነታቸውን ነው፣ ቻርጀሩ 5.1 ቮልት ይሰጣል። ችግሩ የተለካው ካሜራው ተነቅሎ መሆኑ ላይ ነው። ጭነት የሌለው ገመድ ሁልጊዜ ጤነኛ ይመስላል። ቻርጀሩ ሳሎን፣ ካሜራው በር ላይ፤ መሃላቸው 8 ሜትር ገደማ ቀጭን የዩኤስቢ ማራዘሚያ አለ። ካሜራው እየሠራ ጫፉ ላይ ስንለካ በቀን 4.7 ቮልት አካባቢ ነው፤ እንደምንም ይበቃዋል። ኮፍያው ሲደፋበትና የኢንፍራሬድ መብራቶቹ ሲበሩ ግን ወደ 4.3 ወረደ፤ እዚያው አፍታም ሳይቆይ ጠፋ። ገመዱ በቀጠነና በረዘመ ቁጥር መንገድ ላይ የሚቀረው ቮልት ይበዛል፤ ካሜራው ብዙ ከረንት ሲስብ ደግሞ ይብሳል። ለዚያ ነው ማታ የሚመርጠው።

ከሳሎን 12 ቮልት ልከን፣ በሩ ጋ ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ ትንሽ ኮንቨርተር ውሃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥን። ቮልቱ ከፍ ሲል የሚፈሰው ከረንት ስለሚያንስ መንገድ ላይ የሚባክነውም ይቀንሳል። ወፍራም የመዳብ ገመድ መሳብም ይቻል ነበር፤ ያ ግን ቀዳዳዎቹን ሁሉ እንደ አዲስ መብሳት ይጠይቃል። ኮፍያውን መልሰን ደፋንበት። አልጠፋም።

የጓሮው በሽታ ግን እውነተኛ የዋይፋይ ነው። ካርዱ ላይ ምንም ክፍተት የለም፣ ጠፋ በተባለባቸው ቀናት ሁሉ ሲቀርጽ ከርሟል። ጋሼ ስልካቸውን ካሜራው ሥር ይዘው «ይኸው ሙሉ ነው» አሉ። ስልክ ግን ካሜራ አይደለም። ዋይፋይ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ በሚባሉ ሞገዶች ይሠራል፤ የእሳቸው ስልክ 5 ላይ ነበር፤ እንደ ብዙዎቹ ርካሽ ካሜራዎች ይሄም የሚያውቀው 2.4ን ብቻ ነው። ወደ ራውተሩ ገብተን ስናይ የ2.4 ቻናሉ «አውቶ» ላይ ነው፣ ራውተሩ ራሱ ይመርጣል ማለት ነው፤ በዚያ ሰዓት የመረጠው ደግሞ 13ን። ቻናል 12ንና 13ን ጨርሶ የማያዩ ካሜራዎች አሉ፤ በተለይ ለሰሜን አሜሪካ ገበያ የተሠሩት። ራውተሩ 13 ላይ ሲያርፍ ካሜራው ዋይፋዩ ከናካቴው የሌለ ነው የሚመስለው። ሌላ ቻናል ሲመርጥ ተመልሶ ይገባል። ሰው ደግሞ «ራሱ ተስተካከለ» ይላል።

እርስ በርስ ከማይደራረቡት ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ብዙ የጎረቤት ዋይፋይ ያልተጫነው 6 ስለነበር እሱ ላይ አሰርነው። የጎረቤት ዋይፋይ ብዙ እንዳይረብሸው የቻናሉን ስፋት ወደ 20 ሜጋኸርዝ አወረድነው። የ2.4ንና የ5ን የዋይፋይ ስምም ለየን። ካሜራው የሚያነበው የሲግናል መጠን -64 ዲቢኤም ሆነ፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ሲግናሉ ጠንካራ ነው። ወደ -80 ሲጠጋ ነው እኔ መጨነቅ የምጀምረው።

«ታዲያ ይሄን ሪፒተር ምን ላድርገው?» አሉ ጋሼ፣ ትንሽ ቅር ብሏቸው። የሰኩት ጓሮው ግድግዳ ላይ፣ ካሜራው አጠገብ ነው፤ ራሱ ሪፒተሩ ከራውተሩ የሚደርሰው ሲግናል ካሜራው ከሚደርሰው የሚሻል አልነበረም። ሪፒተር ደግሞ ከተቀበለው የተሻለ ግንኙነት አይፈጥርም። ነቅለን መሃል መንገድ ላይ፣ ኢንተርኔት እየተቆራረጠ ልጆቹ ወደሚያማርሩበት ክፍል በር አዛወርነው።

በሳምንቱ ጋሼ የበሩን ካሜራ መዝገብ ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። አንድ ክፍተት አለ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ። ደወልኩላቸው። «እሱማ መብራት ሄዶ ነው» አሉ። እንግዲያው የሚቀጥለው ጨዋታችን ስለ ባትሪ ነው ማለት ነው።