ሐረጎ ላይ የወደቀችው ሳይክል

ሳይክል የምጠግነው ኮምቦልቻ ነው። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ሥራ አይጠፋም። ደሴ ብሆን ጦሜን አድር ነበር፤ ጦሳ ተራራ ሥር የሚኖር ሰው በሳይክል ከሚንገላታ ባጃጅ ይይዛል።

አንድ ቀን ደንበኛዬ የሆኑ መምህር መጡ። ወገባቸውን ያማቸዋል። ውጭ ያለው ልጃቸው ተጋድመው የሚነዱት ሳይክል ሊልክላቸው ነው። ወንበሩ ጀርባን ደግፎ ይይዛል፣ ፔዳሉ ከፊት ነው። "ሁለት ፎቶ ልኮልኛል፤ አንተ ምረጥልኝ" ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ። አንዷ ባለ ሁለት ጎማ፣ ቀጭንና ቀላል። ሌላው ባለ ሦስት ጎማ፣ ሁለቱ ጎማ ከፊት፣ ሆዱ መሬት ሊልስ ምንም አልቀረው።

"ቲቸር፣ ባለ ሁለቷ ናት" አልኩ፣ ሳላመነታ። ስለዚህ ዓይነት ሳይክል የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍራንሲስ ፎር የሚባል ፈረንሳዊ ተጋድሞ በአንድ ሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ክብረ ወሰን ሰበረ። በዓመቱ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ይህን ዓይነት ሳይክል ከውድድር አገደው። እስኪታገድ ድረስ የሚፈጥን ነገር ምን ይወጣለታል? ሰውየው የነዳው ሜዳ ላይ መሆኑ ትዝም አላለኝ።

ሳይክሏ መጣች። ካቴናዋ ለጉድ ይረዝማል፣ የተለመደውን ሁለት እጥፍ ያልፋል። ገጣጠምኳት። መምህሩ ከተማ ውስጥ ሲነዷት ልጆች እየጮሁ ተከተሏቸው። ፊታቸው በራ። "ቅዳሜ ደሴ እወጣባታለሁ!"

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ግን 600 ሜትር ያህል ይጨምራል። እኔ በሞተር ከኋላ ነበርኩ።

ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ሲጀምር ነገሩ ተበላሸ። በተራ ሳይክል ዳገት ሲከብድህ ከወንበሩ ብድግ ብለህ በክብደትህ ትረግጣለህ። የተጋደመ ሰው የት ይነሳል? ያለው ጉልበቱ ብቻ ነው። ትንሹን ማርሽ አስገብተዋል፣ ከዚያ በታች የለም። ከእግረኛ አነሱ። የፊት ጎማው እንደ ሰከረ ሰው ግራ ቀኝ ይል ጀመር። እግራቸው ከፊት ፔዳሉ ላይ ስለሆነ ቶሎ መሬት አይደርስላቸውም። ከኋላ አይሱዙ ጥሩንባውን ነፋ። ዱብ! ጠጠሩ ላይ፣ በቀኝ ጎናቸው። ደግነቱ ክርናቸው ተላጠ እንጂ ሌላ ነገር አልሆኑም። ተነስተው እንደገና ቢሞክሩ እንቢ አለች። ዳገት ላይ ተጋድሞ መንቀሳቀስ መጀመር ለካ ከሁሉ ይከብዳል።

"ቲቸር፣ ጥፋቱ የኔ ነው።"

"አብሽር" አሉኝ፣ ሱሪያቸውን እያራገፉ። "ግን አንተ ልጅ፣ ስትመርጥልኝ ምኗን አይተህ ነው?"

ዝም አልኩ።

ማታ የማርሾቹን ጥርስ ቆጠርኩ። የፊቱ 42፣ የኋላው ትልቁ 28፣ ጎማው 26 ኢንች። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ሳይክሏ 3 ሜትር ትሄዳለች። በደቂቃ 60 ጊዜ ካዞሩ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ነው። ሐረጎን በዚያ ፍጥነት የሚወጣ ስፖርተኛ ነው እንጂ ወገቡን የሚያመው መምህር አይደለም። የባለ ሦስቱን ዝርዝር አስላኩ። ከፊት 30፣ ከኋላ 34፣ የኋላ ጎማው 20 ኢንች። አንድ ዙር 1.4 ሜትር። በዚያው አዟዟር በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ የእግር ጉዞ ማለት ነው። ይከብዳል፣ እውነት ነው። ግን የቱንም ያህል ቢያዘግም አይወድቅም፤ ሲደክማቸው ፍሬን ይዘው እዚያው ቁጭ ይላሉ።

መመለሻውንም አሰብኩ። ቸርኬ የሚጨብጥ ፍሬን ያን ሁሉ ቁልቁለት ሲያዝ ቸርኬውን ያግለዋል፣ ካላማዳሪያም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ቸርኬውን የማይነካ ዲስክ ፍሬን ያለው ይሁን አልኩ። ረጅም ባንዲራም ከኋላ እንዲተከልበት፣ የአይሱዙ ሹፌር ያን ያህል ዝቅ ብሎ የሚሄድ ሰው አይታየውም።

ልጃቸው እሺ ብሏል። እስኪመጣ ድረስ መምህሩ ባለ ሁለቷን ከቤት ትምህርት ቤት ይነዷታል፣ ሜዳ ለሜዳ። ደሴ ሲሄዱ በሚኒባስ ነው። ሳይክሏም ጣሪያ ላይ ታስራ፣ ሐረጎን ተጋድማ ትወጣዋለች።