የአበባው ጀርባ

የኪሮሽ አበባ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማደርገው መገልበጥ ነው። ፊቱማ ያምራል፤ ቀለም ያለው ክብ ነገር አበባ ለመምሰል ብዙ አይቸገርም። ሙያው የሚለየው ከኋላ ነው። የክሩ ጫፍ የት ገባ? መሃሉ ላልቷል ወይስ ጠብቋል? የፀጉር ክሊፑ ተሰፍቷል ወይስ በማስቲሽ ብቻ ተለጥፏል? የሽቦው ጫፍ ጣት ይወጋል? ለራሱ ደስታ የሚሠራ ሰው እነዚህን ቢያልፋቸው ማንም አይጠይቀውም። ሊሸጥ ከሆነ ግን ውሎ አድሮ የሚመጣው ቅሬታ ከሞላ ጎደል ከጀርባው ነው። ስለዚህ ይህን ማስታወሻ ለጀርባው ሰጥቼዋለሁ።

ክር ላይ ጥጥ እመርጣለሁ። አክሪሊክ ቀለሙ ብዙ ነው፣ በየቦታውም ይገኛል፤ ግን የፔታሉን (የአበባውን ቅጠል) ጠርዝ አጥርቶ አያሳይም፣ እየተነካካ ሲሄድም ፀጉር ያወጣል። ትኩስ ካውያ ካረፈበት ደግሞ ክሩ ይልምና ይዝለፈለፋል፤ የቀድሞ ጥንካሬው ተመልሶ አይመጣም። ከጥጡም መርሰራይዝድ የሚባለው ይሻለኛል። እንግሊዛዊው ጆን መርሰር እ.ኤ.አ. በ1844 ጥጥ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ሲነከር እንደሚያብጥ፣ እንደሚጠነክርና ቀለም አጥብቆ እንደሚይዝ አገኘ። የዛሬው አንጸባራቂነት የመጣው ግን በ1890 ገደማ ሆራስ ሎው ክሩን ወጥሮ መንከር ሲጀምር ነው። ይኸው ልስላሴ ለፊቱ ውበት፣ ለጀርባው ግን ጣጣ ነው፤ የሚንሸራተት ክር ቋጠሮ አይይዝም።

የመንጠቆውን ቁጥር በተመለከተ የክሩ ሌብል ላይ ያለውን አልከተልም። ሌብሉ የሚያስበው ልብስ ነው፤ ልብስ ደግሞ ሰውነት ላይ መውረድ አለበት። ፔታል ግን መቆም አለበት። 3.5 ሚሊ ሜትር የሚል ክር ከሆነ ለአበባ 2.5 ወይም 2.75 እይዛለሁ። ሥራው ጥብቅ ስለሚሆን ጣት ያደክማል፤ የመንጠቆው አፍ ስል ከሆነም ክሩን ይሰነጥቀዋል። አፉ ድብልብል ያለውን መርጦ መግዛት ነው።

ወደ መሃሉ ስመጣ፣ ብዙ አበባ በማጂክ ሪንግ ይጀምራል። ክሩን ጣት ላይ ጠቅልሎ፣ ቀለበቱ ውስጥ የመጀመሪያውን ዙር ሠርቶ፣ ጫፉን ስቦ መዝጋት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ይቸኮልበታል፤ ጫፉ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቆረጥና አንድ ሁለት ዓይን (በመንጠቆ የተሠራ ጥልፍ) ውስጥ ተሸጉጦ ይተዋል። ቀለበቱን ዘግቶ የያዘው ያ ጫፍ ብቻ ስለሆነ እሱ በተንሸራተተ ቁጥር መሃሉ ይከፈታል፤ ሁለት ጊዜ የታጠበ አበባ እርሳስ የሚያሾልክ ቀዳዳ ያወጣል። ጫፉን ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር አስረዝሞ መተው፣ በወፍራም መርፌ አስገብቶ ከኋላ በኩል ቀለበቱን ተከትሎ ሙሉ ዙር መዞር፣ ከዚያም አንዲት ክር ዘሎ በመጡበት መመለስ ያስፈልጋል። አቅጣጫው ሲቀየር ክሩ በራሱ ላይ ይታነቃል። ፔታሎቹን ወደ ውጭ ሳብ ሳብ አድርጎ ማየት፤ መሃሉ ካልተንቀሳቀሰ ጥቂት ሚሊ ሜትር አስቀርቶ መቁረጥ። ቋጠሮ ብቻውን አይበቃም፤ መርሰራይዝድ ክር ላይ ቀስ በቀስ ይፈታል፣ እስኪፈታም ከፊት በኩል ያብጣል።

ፔታል ለምን እንደሚታጠፍ የሚወስነው ቁጥር ነው። በየዙሩ 6 ሲንግል (አጭሩ ዓይን) ሲጨመር ክቡ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፤ በሃፍ ደብል (መካከለኛው) ጭማሪው 8 ገደማ፣ በደብል (ረዘም ያለው) 12 ገደማ ነው። ካነሰ ጠርዙ ወደ ላይ ይነሳና ጽዋ ይሠራል፤ ከበዛ ይሞገዳል። ጀማሪ ሁለቱንም ጥፋት ይላቸዋል፤ አበባ ሠሪ ግን የምትኖረው በነሱ ነው። ቱሊፕ ማለት 6፣ 12፣ 18 ብሎ ካሰፉ በኋላ ጭማሪውን አቁሞ በ18 ላይ ሰባት ስምንት ዙር መውጣት ነው። ካርኔሽን ተቃራኒው ነው፤ በየዓይኑ ሁለት ሁለት እየሠሩ 6፣ 12፣ 24፣ 48፣ 96 ማለት። ላትቪያዊቷ የሂሳብ ሊቅ ዳይና ታይሚና እ.ኤ.አ. በ1997 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሆና ሃይፐርቦሊክ የሚባለውን፣ ወደ ጠርዙ እየበዛ የሚሞገድ ገጽ በእጅ የሚዳሰስ ያደረገችው በማያቋርጥ ጭማሪ ነው። ለሻጭ ግን ከጂኦሜትሪው ይልቅ የክሩ ነገር ያሳስባል። የመጨረሻው ባለ96 ዙር ከሱ በፊት ያሉት አራት ዙሮች አንድ ላይ ከሚፈጁት ይበልጣል፤ እነሱ ተደምረው 90 ናቸውና። «አንድ ዙር ብቻ ጨምሪበት» የምትል ደንበኛ የጠየቀችው ሁለት አበባ ነው።

በነገራችን ላይ ሲንግል፣ ደብል የምለው በአሜሪካ አጠራር ነው። የአሜሪካው ሲንግል በእንግሊዝ ደብል ይባላል፤ የአሜሪካው ደብል ደግሞ ትሬብል። ሙሉውን መመሪያ አንብቦ ሲንግል የሚል ቃል የትም ከጠፋ መመሪያው የእንግሊዝ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ይህን ያላየ ሰው አበባው በቁመት እጥፍ ሆኖበት ክሩን ይወቅሳል።

በንብርብር ከሚሠሩት ውስጥ የአየርላንድ ጽጌረዳ ለኔ አቻ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የአየርላንድ ረሃብ ጊዜ የኪሮሽ ዳንቴል ለብዙ ቤተሰብ የገቢ መንገድ ሆኖ ነበር፤ ይህ ጽጌረዳም ከዚያ የሥራ ባህል የመጣ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። 6 ቼን፣ ማለትም የሰንሰለት ዓይን፣ ወጥቶ (ሦስቱ እንደ ደብል፣ ሦስቱ እንደ ክፍተት ይቆጠራሉ)፣ ቀለበቱ ውስጥ አንድ ደብልና 3 ቼን አምስት ጊዜ መሥራትና መዝጋት፤ 6 ክፍተት ይገኛል። እያንዳንዱ ክፍተት ውስጥ ሲንግል፣ ሃፍ ደብል፣ 3 ደብል፣ ሃፍ ደብል፣ ሲንግል። ሁለተኛው ንብርብር ከኋላ ይነሳል፤ ፔታሎቹን ወደ ፊት አጥፎ በጀርባ በኩል 5 ቼን እየወጡ የመጀመሪያውን ዙር ደብሎች ግንዳቸውን አቅፎ በሲንግል መያዝ፣ ከዚያ ቅስቶቹን በ5 ደብል መሙላት፣ ግራና ቀኙ እንደ ቀድሞው። ሦስተኛው 7 ቼንና 7 ደብል ነው።

የሚበላሸው የኋላ ቅስት ላይ ነው። ቼኑ ከጠበቀ የውጭው ፔታል ከውስጠኛው ሥር ይደበቅና ንብርብሩ አይታይም፤ ከላላ ደግሞ ፔታሉ ወደ ኋላ ይወድቃል። ሌላው የተለመደ ስህተት ግንዱን ማቀፍ ሲገባ መንጠቆውን ከላይኛው ዓይን ማስገባት ነው፤ ያኔ ሁለቱ ንብርብሮች ይጣበቁና ጽጌረዳው ሳህን ይሆናል።

የሚጠቀለለው ጽጌረዳ ፈጣን ስለሆነ ለእቅፍ አበባ የሚያዋጣው እሱ ነው። 47 ቼን፣ ከመንጠቆው 5ኛው ላይ ደብል፣ 2 ቼን፣ ደብል፤ ከዚያ ሁለት ዘሎ መድገም። መጨረሻው ቼን ላይ ሲደርሱ 15 ክፍተት ይወጣል። ሲመለሱ የመጀመሪያዎቹን አምስት ክፍተቶች በ6 ደብል፣ ቀጣዮቹን አምስት በ8፣ የመጨረሻዎቹን በ10 መሙላት፣ በመካከላቸው አንድ አንድ ሲንግል ማስገባት። ከትንሹ ጫፍ ጀምሮ መጠቅለል ነው። ለሌላ ሥራ ቼኑን ላላ አድርጉ ይባላል፤ እዚህ ግን ጠበቅ ማለት አለበት፤ ጥብቅ ቼን ክሩን ራሱ ያጠቀልለዋል። ስፌቱ በሁሉም ድርብ ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ከሥር መርፌው ከግራ ገብቶ በቀኝ እስኪወጣ፣ ከዚያ በመስቀል በሌላው አቅጣጫ። የውጭውን ድርብ ብቻ የሰፋ ሰው መሃሉ በጣት ሲገፋ እንደሚወጣ ያየዋል።

አረንጓዴው ቅጠል ላይ አልቆይም። 10 ቼን፣ ከ2ኛው ጀምሮ ሲንግል፣ ሃፍ ደብል፣ ሁለት ደብል፣ ትሬብል (በአሜሪካው አጠራር፣ ከደብል የሚረዝመው)፣ ሁለት ደብል፣ ሃፍ ደብል፣ ሲንግል፤ ከዚያ በቼኑ ሌላ ጎን ያንኑ መመለስ። እንዲታጠፍ ከተፈለገ ቀጭን ሽቦ ጠርዙ ላይ ይዞ ሲንግሉን በላዩ መሥራት። የሽቦ ቁጥር ሲጨምር ሽቦው ይቀጥናል፤ ለቅጠል 24 ወይም 26፣ ለግንድ 18 የሚለው፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው። ያልተሸፈነ የብረት ሽቦ ይዝጋል፣ ዝገቱም በክሩ ወደ ውጭ ያልፋል፤ ፕላስቲክ ወይም ወረቀት የለበሰውን መውሰድ ይሻላል።

ግንዱ ላይ የሚመጣው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው፤ አበባው ይሽከረከራል። ሽቦው በመሃል ቀጥ ብሎ ስለገባ የሚይዘው ነገር የለም። ጫፉን በፒንሳ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል አጥፎ፣ ክብ አፍ አውጥቶ፣ ያንን አፍ አበባው ሥር አስተኝቶ በራሱ በአበባው ክር አራት አምስት ቦታ መስፋት ነው። መሽከርከሩም ጣት መውጋቱም አብረው ይቀራሉ። የአበባ ቴፕ የሚጣበቀው ሲወጠር ብቻ ነው፤ ውስጡ ያለው ሰም የሚወጣው በመወጠሩ ስለሆነ ሳይጎትቱ የጠቀለሉት በማግስቱ ይፈታል።

አሁን ወደ ክሊፕ። በሽጉጥ የሚቀልጥ ማስቲሽ ጥጥ ላይ ይይዛል፣ ለስላሳ ብረት ላይ ግን በንጣፉ ይላቀቃል፤ ሙቀት ሲያገኘውም ይለሰልሳል። እኔ የማምነው ፌልት ጨርቁን ነው። 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ፌልት ቆርጦ፣ መሃሉ ላይ በ1 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሁለት አጭር ስንጥቆች ማውጣት። የክሊፑን የላይኛውን ክንድ በአንዱ ስንጥቅ አስገብቶ በሌላው ማውጣት፤ ብረቱ በጨርቁ ታቅፎ ይቀመጣል። ከዚያ ፌልቱን በአበባው ጀርባ ዙሪያውን በጥቃቅን ስፌት መስፋት፣ መርፌው ወደ ፊት እንዳይወጣ የኋላውን ግማሽ ክር ብቻ እየያዙ። ማስቲሽ ካስፈለገ በፌልቱና በብረቱ መካከል አንድ ጠብታ ይበቃል። የክር ጫፎቹም እዚያው ፌልቱ ሥር ይቀበራሉ።

ጉትቻ ሌላ ዓለም ነው። ቀጭን የዳንቴል ክር፣ ከ1.25 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር የብረት መንጠቆ። እንዲጠነክር ነጭ ኮላና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅሎ መንከር፣ መጭመቅ፣ ላስቲክ ላይ በስፒል ወጥሮ ሙሉ ቀን ማድረቅ። ትርፉ በጨርቅ ካልተመጠጠ ቀዳዳዎቹ ላይ ብልጭልጭ ቆዳ ይሠራል። በስኳር ውሃ የሚያጠነክሩም አሉ፤ እርጥበት ሲያገኘው ይጣበቃል፣ ጉንዳንም ይጠራል፣ ለሽያጭ አልመክረውም። ትንሿን የብረት ቀለበት ስትከፍት ወደ ጎን መጠምዘዝ እንጂ ወደ ውጭ መለጠጥ አይገባም፤ የተለጠጠ ቀለበት ክብነቱን ያጣና ክሩ በክፍተቱ ሾልኮ ይወጣል። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ብረት ኒኬል የሚለቅ ከሆነ ብዙ ሰው ያሳክከዋል፤ ታይታኒየም የተሻለ ነው።

ለሕፃናት የሚሠራ ላይ ዶቃ አላደርግም፤ መሃሉን በቢጫ ክር እጠልፈዋለሁ። ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ዕቃ የሚፈተንበት የአሜሪካው ሲሊንደር ስፋቱ 3.17 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ተላቆ እዚያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ነገር ሁሉ የማነቅ አደጋ አለው።

ስለ ዋጋ ሲነሳ ሰው የክሩን ሂሳብ ብቻ ይዞ ይመጣል። ክሩ የሚለካው በሚዛን ነው፤ አንድ ጽጌረዳ 6 ግራም ከወሰደ ከ50 ግራም ጥቅል 8 ይወጣል፣ 2 ግራም ይተርፋል። ሰዓቱ ግን ይረሳል። የጽጌረዳው ክር ሥራ 30 ደቂቃ፣ መጠቅለልና መስፋት 6፣ ቅጠሉ 10፣ ግንዱ 8 ከወሰደ አንዱ 54 ደቂቃ ነው፤ ሰባት አበባ ያለው እቅፍ ከ6 ሰዓት በላይ ይሆናል፣ መጠቅለያው ሳይታሰብ። እውነተኛ ኪሮሽ የሚሠራ የፋብሪካ ማሽን የለም፤ ገበያ ላይ ያለው ሁሉ የሆነ ሰው እጅ ሥራ ነው። ከሰዓቱ በታች የሚሸጥ ዋጋ ሲታይ ከሱ ጋር መወዳደር ሳይሆን ማን ስንት እየተከፈለው እንደሠራው ማሰብ ይሻላል።

ጊዜ የሚቆጥበው በጣት መፍጠን አይደለም። ሁሉንም መሃል በአንድ ቀን፣ ፔታሉን በሌላ፣ ጫፍ መቅበሩን ለብቻው ማድረግ ነው። አንድ ትእዛዝ በአንድ መንጠቆ ይለቅ፤ ሲደክም እጅ ይጠብቃል ወይም ይላላል፣ የመጨረሻው አበባ ከመጀመሪያው ያንሳል ወይም ይበልጣል። ክሩም ከአንድ የማቅለሚያ ሎት (በአንድ ጊዜ አብሮ ከተቀለመ) ይሁን፤ በሌብሉ ላይ የቀለሙ ቁጥር አንድ ሆኖ የሎቱ ቁጥር ከተለያየ እቅፉ ውስጥ ልዩነቱ በቀን ብርሃን ይወጣል።

ቀይና ነጭ አንድ ላይ የሚገባበት ትእዛዝ ሲመጣ ሳልጀምር አንድ ክንድ ያህል ቀይ ክር ለብ ባለ ውሃ ነክሬ፣ ነጭ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልዬ፣ ከባድ ነገር ጭኜበት አሳድረዋለሁ። ጨርቁ ከቀላ ያ ክር ለብቻው ለሚሠራ አበባ ይቀመጣል፤ ከነጭ ጋር አይገባም።