ሮይ ሄይንስ የሚተዉት ክፍት ቦታ

ቅዳሜ ማታ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በሚገኝ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ ከ25 ዓመት በላይ ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር ድራም እመታለሁ። ዘንድሮ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ደጋግሜ የማዳምጠው የአሜሪካዊውን የጃዝ ድራመር የሮይ ሄይንስን «ፋውንቴን ኦፍ ዩዝ» አልበም ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ይህ አልበም የተቀዳው በ2002 መጨረሻ፣ ኒው ዮርክ በሚገኘው በርድላንድ ክለብ፣ በታዳሚ ፊት ነበር። ያን ጊዜ ሄይንስ 77 ዓመታቸው ሲሆን፣ ሳክስፎን የሚጫወተው ማርከስ ስትሪክላንድ ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበር።

በ1949 ከሳክስፎኒስቱ ቻርሊ ፓርከር ጋር የሠሩ፣ በ1958 ደግሞ ከፒያኒስቱ ቴሎኒየስ መንክ ጋር የተጫወቱ ሰው፣ የመንክን ድርሰቶች የልጅ ልጆቻቸው ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር ሲያነሡ፣ መንገዱን አጥብቀው ይመሩታል ብዬ ጠብቄ ነበር።

ሃይ ሃቱን፣ ማለትም በግራ እግር ፔዳል የሚዘጉትን ሁለት የናስ ሳህኖች፣ ልብ ብላችሁ አዳምጡ። አብዛኞቻችን ሁለተኛውንና አራተኛውን ምት በግራ እግራችን ሳናቋርጥ እንዘጋለን፤ ባሲስቱም ፒያኒስቱም የሚደገፉት በዚያ ምሰሶ ነው። ሄይንስ ግን ምሰሶውን ያነሡታል። እግራቸው ባሰኘው ጊዜ ይዘጋል፣ ባሰኘው ጊዜ ዝም ይላል፤ ስኔር የሚባለው ከበሮ እንደሚቆላ ሽምብራ ድንገት ይንጣጣል፤ «ስናፕ ክራክል» የሚለውን ቅጽል ስም ያተረፈላቸውም ይኸው ድምፅ ነው። ቴምፖው ግን አይፈርስም፤ አራቱም የባንዱ አባላት በየልባቸው ይዘውታልና። ሽማግሌው ልጆቹን ያምኗቸዋል፤ እኔ በዚህ አልበም ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንኑ ነው።

ባለፈው ወር፣ በዝግታ በምንጫወተው አንድ ዜማ መካከል ግራ እግሬን አነሣሁ። ባስ የሚጫወተው ልጅ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ አቆሙ እንዴ?» አለኝ። በዓይኔ ቀጥል አልኩት። ትከሻው ወደ ጆሮው ተጠግቶ ለጥቂት ምቶች ተንገዳገደ። ከዚያ የቀኝ ጫማው ተረከዝ መድረኩን መምታት ጀመረ፤ ጣቶቹም ተረከዙን ተከተሉ፤ ኪቦርድ የምትጫወተው ልጅም ያንኑ ተረከዝ እያየች ገባች። ለዓመታት ምቱን ብቻዬን ስሸከም የኖርኩት ለእነርሱ አስቤ ይመስለኝ ነበር።

ሄይንስ በኅዳር 2024 በ99 ዓመታቸው ዐርፈዋል። አልበሙን ለልጁ በፍላሽ ገልብጬ ሰጥቼዋለሁ። በዝግታ በምንጫወታቸው ዜማዎች አሁን እግሬን እንደ ልቤ አነሣለሁ። የቀረን ችክችካው ነው፤ ጨፋሪው በሃይ ሃቱ ስለሚመራ እዚያ ላይ ገና አልደፈርኩም።