ጂምኒዬን እቤት ከፍ ሳደርግ

መኪና ከፍ ማድረግ ረጅም ሞላ መግጠም ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሞላው እኮ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ጣጣው ያለው ከሱ በኋላ ነው።

መኪናዬ የቀድሞው ቅርጽ ሱዙኪ ጂምኒ ነው። ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያገናኝ አንድ ወጥ ብረት) እና ጥምዝ ሞላ፣ ከላይ ደግሞ ራሱን የቻለ ሻንሲ (አካሉ የሚቀመጥበት የብረት አጽም) አለው። እቤት ለመነካካት ይመቻል። የመረጥኩት 5 ሳንቲ ሜትር የሚያነሳ ሞላ ከረዘም ያለ አሞርዛተር (የሞላውን ንዝረት የሚያበርድ ዕቃ) ጋር ነው። ከዚያ በላይ ሲሄዱ መኪናው በየአቅጣጫው ተጨማሪ ዕቃ መጠየቅ ይጀምራል። አንድ ነገር ግን ቀድሞ ይታወቅ፦ ሞላ የሚያነሳው ሻንሲውንና አካሉን ነው። ዲፈረንሻሉ (አክስሉ ላይ ያለው የጥርስ ቤት) ከመሬት ያለው ርቀት አንዲት ሚሊ ሜትር አይጨምርም። እሱን የሚያነሳው ትልቅ ጎማ ነው፤ ሞላው ለጎማው ቦታ ይከፍትለታል።

ምንም ሳልፈታ በአራቱም በኩል ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካሁ። ከመሬት አልለካሁም፤ የጎማ ንፋስ ከፍና ዝቅ ሲል ልኬቱ ይዛባል። ቡሎኖቹን ማታውኑ የዝገት ማላቀቂያ ረጭቼባቸው አደሩ። ጎማዎቹን በታኮ ያዝኩ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም፤ ሻንሲው ጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ካላረፈ ከሥሩ አልገባም።

ከኋላ ጀመርኩ፤ መሪ ስለሌለበት ይቀላል። አክስሉን በክሪክ ይዤ የአሞርዛተሩን የታች ቡሎን ፈታሁ። አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘውን አግዳሚ ዘንግም ፈታሁ። ክሪኩን ቀስ እያልኩ ሳወርድ ሞላው ላላ፣ በእጄ ወጣ። መጭመቂያ እንኳ አላስፈለገኝም። ዓይኔ ግን ከፍሬን ቱቦው ላይ አልተነሳም። አክስሉ ቱቦው ላይ ከተንጠለጠለ አለቀለት።

ፊት ላይ አዲሱን ሞላ ከማስገባቴ በፊት ያደረግኩትን ማንም እንዳይዘለው እመክራለሁ። አሞርዛተሩን ብቻ አሰርኩና አክስሉን እስከ መጨረሻው አወረድኩት። መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዞርኩ። አንደኛው የፍሬን ቱቦ መሪው ዳር ሲደርስ ጠብ የሚል ትርፍ አልነበረውም፤ ጣቴን ባሳርፍበት ንቅንቅ አይልም። ረዘም ባለ ቀየርኩትና የፍሬኑን አየር አስወጣሁ። ቀጥሎ አክስሉን በክሪክ ሽቅብ ገፋሁት፣ የላስቲክ ማቆሚያው ላይ እስኪያርፍ። እዚህ ላይ የሚታየው የአሞርዛተሩ ዘንግ ነው። ማቆሚያው ሳይነካ ዘንጉ ተጨርሶ ከገባ፣ የመጀመሪያው ጉድጓድ አሞርዛተሩን ይሰባብረዋል። የእኔው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ተርፎት ነበር። ሞላው ከገባ በኋላ ይህን ማየት አይቻልም፤ መኪናው ራሱ መንገድ ላይ ያሳያችኋል።

ጎሚኒ (የመገጣጠሚያ ላስቲክ) ያለባቸውን ቡሎኖች መኪናው አየር ላይ እያለ አላጠበቅኩም። ጎሚኒው በታሰረበት አቋም ይያዛል። መኪናው ሲወርድ ተጠማዞ ይቀራል፤ ቶሎም ይቀደዳል። መኪናውን በጎማው አቁሜ፣ ወዝወዝ አድርጌ፣ ከዚያ ነው በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) የጨረስኳቸው።

የመጀመሪያው ጉዞ ላይ መሪው ቀለለኝ። ደስ ይል ይሆናል፤ ግን ጥሩ ምልክት አይደለም። ፍጥነት ስጨምር መኪናው ወዲያና ወዲህ ማለት አመጣ፤ መሪውም ከኩርባ በራሱ አይመለስም። የብስክሌት ሹካ ወደ ኋላ ዘንበል ማለቱ እጅ ለቀውም ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ይረዳዋል። ጂምኒም እንደዚያ ያለ ዝንባሌ አለው። ሻንሲው ከፍ ሲል የፊት አክስሉን የያዙት ክንዶች አክስሉን ወደ ፊት ያዞሩታል፤ ዝንባሌው ይቀንሳል። መፍትሔው ቀዳዳቸው ከመሀል የወጣ ጎሚኒዎች ክንዶቹ ውስጥ ማስገባት ነው። ይህንን እቤት በመዶሻ መታገል አይታየኝም። ክንዶቹን ፈትቼ ፕሬስ (በኃይል የሚጫን ማሽን) ያለው ጋራዥ ወሰድኩ፣ አስገብተውልኝ መጣሁ፣ ራሴ ገጠምኩ። ለውጡ ወዲያው ይሰማል።

አግዳሚው ዘንግም የራሱ ዕዳ አለው። አንድ ጫፉ ሻንሲው ላይ፣ ሌላው አክስሉ ላይ ስለሆነ፣ ሻንሲው ሲነሳ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። ክር ከፓራፋንጎው ቁልቁል አንጠልጥዬ ስለካ ልዩነቱ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ይጠጋ ነበር። ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ገጥሜ አክስሉን መሀል አመጣሁት። ትርፍ ወጪ ነው የሚሉ አሉ። ጎማ ለማሳደግ ላሰበ ሰው ግን ትርፍ አይደለም፤ አለበለዚያ ጎማው በአንድ ወገን ብቻ ይፈትጋል።

የቀረው ጥቃቅን ነው። አላይመንት አስደረግኩ፣ መሪውን ቀጥ አደረግኩ። የፊት መብራቱም አብሮ ስለተነሳ የሚመጣውን ሹፌር ዓይን እንዳይወጋ ዝቅ አደረግኩት። ኩርባ ላይ መኪናው ከበፊቱ የበለጠ ያጋድላል፤ ይህን የሚያስተካክል ዕቃ አልገዛሁም፣ ፍጥነቴን ቀነስኩ። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳሁ በኋላ ቡሎኖቹን ሁሉ እንደገና አጠበቅኩ። ፓራፋንጎውንም መልሼ ለካሁ፦ መጀመሪያ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ተነስቶ የነበረው ሞላ ረግቶ 5 ላይ ቆሟል።