ያጠፋሁት መስሎኝ ነበር

አያቴ ስለ ልጅነቷ ስታወራኝ የቀዳሁት ድምፅ አለኝ። 47 ደቂቃ ነው። የቀዳሁት በአሮጌ ስልክ ነው። አጠገባችን ቬንትሌተር ይዞር ነበር፤ ያኔ ልብ አላልኩትም። አሁን ሳዳምጠው ከአያቴ ድምፅ ይልቅ ጎልቶ የሚሰማው ቬንትሌተሩ ነው። አያቴ ዛሬ የለችም። ከድምፅዋ የቀረኝ ይኸው ፋይል ብቻ ነው።

ባለፈው ወር ላጸዳው ተነሣሁ። በምን እንደማጸዳው አውቅ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የ14 ቀን ነፃ ሙከራ ያለው አንድ የድምፅ ማጽጃ ሶፍትዌር አውርጄ ነበር። ያኔ ከፈትኩት፣ ወዲያ ወዲህ ነካካሁት፣ አሥር ደቂቃ እንኳ ሳልቆይ ዘጋሁት። ስላላስፈለገኝ በዚያው ቀን አንኢንስቶል አደረግኩት። ስለዚህ 14 ቀኔ ተቀምጦልኛል ብዬ ነበር የማስበው።

አዲሱን ቅጂ አውርጄ ጫንኩት። የአያቴን ፋይል ገና ሳላስገባ ስክሪኑ መሐል ላይ መስኮት ብቅ አለ። የሙከራ ጊዜዎ አብቅቷል ይላል።

በጣም ተናደድኩ። ከንዴቱ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ አልለቀኝ አለ። ይህ ፕሮግራም እንዴት አወቀኝ? የድሮውን አጥፍቼዋለሁ። አዲሱን ገና ዛሬ ነው ያወረድኩት። ስሜንም ኢሜይሌንም አልሰጠሁትም። ኢንተርኔቱን አቋርጬ እንደገና ከፈትኩት። ያው መልእክት መጣ። ስለዚህ ነገሩ ያለው እዚሁ፣ እኔው ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

ታናሽ ወንድሜን ጠየቅኩት። «ሰዓቱን ወደ ኋላ መልሺው» አለኝ። ብዙ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ግን ከሠራ የሚሠራው በድሮ ፕሮግራሞች ላይ ነው። የአሁኖቹ የተጀመሩበትን ቀን ብቻ ሳይሆን መጨረሻ የተከፈቱበትንም ቀን ይመዘግባሉ። የዛሬው ቀን ከዚያ ቀድሞ ከተገኘ ሰዓቱ እንደተነካ ያውቃሉ። አንዳንዶቹ ያኔውኑ ይዘጋሉ። «እንግዲያው ፎርማት አድርጊውና ይለቅሻል» አለኝ። ለአንድ ፕሮግራም ብዬ ያለኝን ሁሉ ላጠፋ? እሱን ተውኩትና ፕሮግራሙ ኮምፒውተሬ ላይ የተወው ምልክት የት እንዳለ ለማየት ቆረጥኩ።

ፕሮሰስ ሞኒተር የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ። ከማይክሮሶፍት የሲስኢንተርናልስ መሣሪያዎች አንዱ ነው። አንድ ፕሮግራም የሚከፍተውን ፋይል፣ የሚያነበውንና የሚጽፈውን የሬጅስትሪ መስመር ሁሉ አንድ በአንድ ያሳያል። ሬጅስትሪ ዊንዶውስ የራሱንም የፕሮግራሞችንም ቅንብር የሚያስቀምጥበት ትልቅ መዝገብ ነው። መሣሪያውን አስነሥቼ የድምፅ ማጽጃውን ከፈትኩ። መስመሩ እንደ ጎርፍ ወረደ። የዚያን ፕሮግራም ብቻ እንዲያሳየኝ አጠበብኩት። ከዚያ የማብቂያው መልእክት ከመምጣቱ በፊት ምን ምን እንዳነበበ ከታች ወደ ላይ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ ሙሉ ምሽት ወሰደብኝ።

ሦስት ነገር አገኘሁ። አንደኛው ሬጅስትሪ ውስጥ በሠሪው ድርጅት ስም የተቀመጠ ቅንብር ነው። እሱ ግልጽ ነው፤ ማንም ያገኘዋል። ሁለተኛው ፕሮግራም ዳታ በሚባለው ስውር ፎልደር ውስጥ ያለ ትንሽ ፋይል ነው። ስሙ ትርጉም የሌለው የፊደል ድርድር ነው። የተጻፈበት ቀን ግን የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ያን አሥር ደቂቃ የተቀመጥኩበት ቀን። ሦስተኛው እንደገና ሬጅስትሪ ውስጥ ነው። ዊንዶውስ የራሱን ክፍሎች በረጃጅም ቁጥር የሚመዘግብበት ቦታ አለ። እዚያ በሺዎች ከሚቆጠሩት መሐል አንዱን መስሎ ተቀምጧል። ስሙ ድርጅቱንም ፕሮግራሙንም አይጠራም። በዐይን ተፈልጎ የሚገኝ አይደለም።

አንኢንስቶል ለምን አላጠፋቸውም? ማራገፊያው በአብዛኛው የሚያጠፋው ሲጫን የገባውን ነው። እነዚህ ምልክቶች ደግሞ የሚጻፉት ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሲከፈት ነው። ሠሪው ቢያውቃቸውም ሆን ብሎ ይተዋቸዋል። ለዚያ ነውና የተጻፉት። አጥፍቶ የጫነ ሁሉ ሙከራው አዲስ ቢጀምርለት ገደቡ ገደብ አይሆንም። ይህ ይገባኛል።

ማክ ላይም ነገሩ ብዙ አይለይም። ፕሮግራሙን ወደ ቆሻሻ መጣያው ስንጎትተው የሚሄደው ፕሮግራሙ ራሱ ነው። ላይብረሪ ፎልደር ውስጥ የጻፈው ቅንብር ይቀራል። የይለፍ ቃል በሚቀመጥበት ኪቼይን ውስጥ ያስገባው ነገር ካለም ይቀራል።

የእኔ ፕሮግራም የሠራው ቀላሉን ነው። ከዚያ የሚብሱ አሉ። የሬጅስትሪ ቁልፍ ስም ውስጥ ባዶ የሚባለውን ፊደል የሚያስገቡ ነበሩ። ተራ ፕሮግራሞች፣ የዊንዶውስ የራሱ የሬጅስትሪ ማረሚያም ጭምር፣ ያ ፊደል ጋ ሲደርሱ ስሙ ያለቀ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ቁልፉን መክፈትም መሰረዝም ያቅታቸዋል። ሲስኢንተርናልስ ለዚህ ብቻ የሚሆን ሬግዴልነል የተባለ መሣሪያ እስከ መሥራት ደርሷል።

በጣም ያስደነገጠኝ ግን የዲስኩ መጀመሪያ ጉዳይ ነው። ዲስክ ሴክተር በሚባሉ ትንንሽ ቁራጮች ይከፈላል። በድሮው አከፋፈል የዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር፣ 512 ባይት የምትሆነው፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚያነባት ናት። ከእሷ ቀጥሎ ያሉት 62 ሴክተሮች በልማድ ባዶ ይተዋሉ። የትኛውም ፋይል ውስጥ አይደሉም። ክፍልፋዩን፣ ማለትም ፋይሎች የሚቀመጡበትን የዲስክ ክፍል፣ ፎርማት ብታደርጉት አይነኩም። አንዳንድ የላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) መቆጣጠሪያዎች ምልክታቸውን እዚያ ጻፉ። ችግሩ ሊኑክስ የተባለውን ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት የሚያስነሣው ግረብም የራሱን ኮድ የሚያስቀምጠው እዚያው መሆኑ ነው። አንዱ ሌላውን ሲደመስስ ኮምፒውተሩ አልነሣም ይላል። የግረብ ሠሪዎች በመጨረሻ ፍሌክስኔት የተባለውን የላይሰንስ ሥርዓት ምልክት እየለየ እንዲያልፍ አደረጉት፤ ይህ ሶፍትዌር ወደፊት ችግር ሊያመጣ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያም ጨመሩበት። ተርቦታክስ የተባለው የግብር ሶፍትዌርም በዚሁ የዲስክ ቦታ ላይ ይጽፍ ነበር። ደንበኞቹ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2003 አሠራሩን እንደሚተው አስታወቀ። እሱ እንኳ ሙከራ አልነበረም፤ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው የገዙት ነው።

ዛሬ ብዙዎቹ ምልክቱን ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ አይተዉም። የዲስኩን መለያ ቁጥር፣ የኔትወርክ ካርዱን አድራሻ፣ የማዘርቦርዱን ቁጥር አንድ ላይ አድርገው አንድ አሻራ ይሠራሉ። አሻራውን ወደ ሰርቨራቸው ይልኩታል። ያኔ የወንድሜ ፎርማትም አያድንም። ፎርማት የክፍልፋዩን ቁጥር ይቀይር ይሆናል፤ የዲስኩ የፋብሪካ ቁጥር ግን እንዳለ ነው። ያገለገለ ኮምፒውተር የገዛ ሰው በሕይወቱ ከፍቶት የማያውቀው ፕሮግራም ሙከራህ አልቋል ሊለው ይችላል። ሞክሮ የጨረሰው የቀድሞው ባለቤት ነው።

ስፈልግ ሌላም ነገር አየሁ። ፕሮግራሙ ባይጽፍ እንኳ ዊንዶውስ ራሱ ይጽፋል። ዩዘርአሲስት የሚባል የሬጅስትሪ ክፍል የከፈትናቸውን ፕሮግራሞች፣ ስንት ጊዜ እንደከፈትናቸውና መጨረሻ መቼ እንደነበር ይይዛል። ስሞቹ እንዳይነበቡ ሆነው ተጽፈዋል፤ እያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል በ13 ቦታ ተገፍቷል። ወረቀት ላይ ጽፌ መልሼ ገፋኋቸው። ጨርሶ የረሳኋቸው ፕሮግራሞች ስም አንድ በአንድ ወጣ። የድምፅ ማጽጃውም አለ። ማንም ሰልሎኝ አይደለም፤ ሥርዓቱ ለራሱ ሥራ የያዘው ነው። ግን ኮምፒውተሬ ይህን ያህል እንደሚያስታውስ አላውቅም ነበር።

ገደብን አልቃወምም። ሰው ደክሞ የሠራውን እየሸጠ ሊኖርበት ይገባል። ሞክሮ መግዛት የሚለው ሐሳብ ሲጀመርማ በመተማመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 አንድሩ ፍሉገልማን ፒሲ ቶክ፣ ጂም ኖፍ ደግሞ ፒሲ ፋይል የተባሉትን ፕሮግራሞቻቸውን ሲያሰራጩ ቅዱት፣ ለወዳጅም ስጡት፣ ከጠቀማችሁ ክፈሉ ነበር ያሉት። ዛሬም ያ መንፈስ ያልጠፋባቸው አሉ። ፋይል የሚያጭቀው ዊንራር 40 ቀኑ ሲያልፍ እንድትገዙ ያስታውሳችኋል እንጂ ፋይላችሁን አይዘጋባችሁም። ሪፐር የተባለው የድምፅ ማቀናበሪያ 60 ቀን ምንም ሳይቆርጥ ያሠራል። እኔ ከሁሉ የምወደው ፋይሎችን የሚያነጻጽረውን ቢዮንድ ኮምፔርን ነው። 30 ቀኑን የሚቆጥረው በተጠቀማችሁበት ቀን ብቻ ነው። ዛሬ ከፍታችሁ ከስድስት ወር በኋላ ብትመለሱ ሁለተኛ ቀናችሁ ነው። የእኔው ፕሮግራም እንዲህ ቢቆጥር ኖሮ 13 ቀን ይቀረኝ ነበር።

ሌላው ግልጽ መንገድ ሥራውን መገደብ ነው። ኤፍኤል ስቱዲዮ የተባለው የሙዚቃ መሥሪያ በሙከራ ላይ ሙዚቃችሁን ያስቀምጥላችኋል፤ ካልገዛችሁ ግን ያስቀመጣችሁትን መልሳችሁ መክፈት አትችሉም። ከባድ ነው። ቢሆንም ማወቅ ለሚፈልግ አስቀድሞ የተነገረ ነው።

ቅሬታዬ ያልተነገረው ላይ ነው። የእኔ ፕሮግራም ሲጫን ረጅም ውል አሳይቶኝ ነበር። በኋላ ተመልሼ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ከጠፋ በኋላም ምልክት እንደሚተው የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር የለም። ቆጠራው መጀመሪያ ከከፈትኩባት ደቂቃ እንደሚነሣም አይልም። ሁለት መስመር ይበቃ ነበር። ሁለቱ መስመሮች ቢኖሩ ያን ቀን አልከፍተውም ነበር፤ ሥራ እስኪኖረኝ እጠብቅ ነበር።

አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው። አዲስ ፕሮግራም ላየው ብቻ ከሆነ ዊንዶውስ ሳንድቦክስ በሚባለው፣ ከቀረው ኮምፒውተር በተነጠለ ቦታ ውስጥ እከፍተዋለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በፕሮና በኢንተርፕራይዝ ዊንዶውስ ላይ አለ። ሲዘጋ ውስጡ የነበረው ሁሉ አብሮት ይጠፋል። እውነተኛውን ሙከራ የምጀምረው የምሠራው ነገር እጄ ላይ ሲሆን ነው።

ያገኘኋቸውን ሦስት ምልክቶች አልሰረዝኳቸውም። የት እንዳሉ አውቃለሁ፤ እጄም ይደርሳል። ግን የአያቴን ድምፅ በዚያ መንገድ ማጽዳት አልፈለግኩም። ለሠሪዎቹ ኢሜይል ጻፍኩ። አሥር ደቂቃ ብቻ እንደተጠቀምኩ፣ ፋይሉም ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ምልክት እንደሚተዉ በመጫኛው ላይ እንዲጽፉም ለመንኳቸው። ስለ ልመናዬ ምንም አላሉም። በማግስቱ ግን የ14 ቀን ማራዘሚያ ቁልፍ ላኩልኝ።

አሥር ቀን ፈጀብኝ። የቬንትሌተሩ ድምፅ ከአያቴ ድምፅ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ አጥብቄ ስቆርጠው የእሷም ቃል አብሮ ይሄዳል። ትንሽ ትንሽ እያልኩ፣ በየደቂቃው እያዳመጥኩ ነው የሠራሁት። 31ኛው ደቂቃ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምትለው ነገር ነበር። እስከዛሬ ለይቼ ሰምቼው አላውቅም። አሁን ይሰማል። «ይሄን ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» ነው የምትለው።