ከሲሉ ጀርባ

ዛሬ የድሮዋ ቮልስዋገን ቢትሌ ሞተር ወደ ቦታው ተመለሰ። እጄን ሦስት ጊዜ ታጥቤም ዘይቱ ከጥፍሬ ሥር አልወጣም፤ ነገሩ ትኩስ እያለ ግን ልጻፈው።

ዘይቱ የሚንጠባጠበው ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገናኙበት ሥር ነበር። እዚያ የሚወርደው የአንዱም የሌላውም ሊሆን ይችላል። በጣቴ ነክቼ አሸተትኩት። የካምቢዮ ዘይት ድኝ ድኝ ይላል፤ ይሄ አላለም። የሞተሩ ነው።

ያለፈው ጊዜ ጥፋቴ ጠብታውን ማመኔ ነበር። ዘይት ከሾለከበት ተነስቶ ብረት ብረቱን ይዞ ይወርድና ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይንጠለጠላል። ያኔ የቫልቭ ክዳኖቹን የቡሽ ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሬ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። አሁን ግን የሞተሩን ሆድ አጥቤ አደረቅሁት፤ የሕፃናት ፓውደር ነስንሼበት ጥቂት ነዳሁ። በነጩ ላይ መንገዱ ቁልጭ ብሎ ወጣ፦ ቀጭን እርጥበት ከአንዱ የፑሽሮድ ቱቦ (ቫልቮቹን የሚገፉት ዘንጎች የሚያልፉበት)፣ ዋናው ደግሞ ከቮላኖው ጀርባ፣ ማለትም ከሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ከታሰረው ከባድ የብረት ጎማ ጀርባ።

ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የያዙት አራት ቡሎኖች ናቸው። ወንድሜ ክሪኩን ቀስ እያለ ዝቅ አደረገልኝ። ፍሪሲዮኑን ካወረድኩ በኋላ ቮላኖውን በሁለት እጄ ይዤ ወደፊትና ወደኋላ ሳብኩት። ቀጭ አለ። ይቺ ድምፅ ነች ሁሉን የቀየረችው። ዳያል ጌጅ፣ ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ ባለ መርፌ መለኪያ፣ ስገጥምበት የወዲያ ወዲህ ክፍተቱን 0.21 ሚሊ ሜትር አነበብኩ። መሆን ያለበት ከ0.07 እስከ 0.13 ሲሆን፣ 0.15 ካለፈ አልቋል ይባላል። ክራንክ ሻፍቱ፣ ቮላኖው የታሰረበት የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ የሲሉን፣ ማለትም ዘይቱን እዚያ የሚያግደውን የጎማ ቀለበት፣ ከንፈር ሲያሽ ኖሯል። አዲስ ሲል ብቻ አስገብቼ ብዘጋው ኖሮ ያም ብዙ አይቆይም ነበር።

ቮላኖውን የያዘው የመሐሉ ዳዶ 36 ቁልፍ ነው፤ ረጅም የብረት ቱቦ ጨምሬበት ነው የተላቀቀው። አሮጌው ሲል ጎማነቱን ትቶ ቀንድ ሆኗል፣ በጥፍር ሲጫኑት አይታጠፍም። ከቮላኖው በስተጀርባ ክፍተቱን የሚወስኑ ሦስት ስስ የብረት ቀለበቶች አሉ። ሲሉን ሳላስገባ ሁለቱን ብቻ አድርጌ ቮላኖውን አሰርኩና ለካሁ፦ 0.44። ከዚያ ላይ የምፈልገውን 0.10 ስቀንስ ሦስተኛው ቀለበት 0.34 መሆን አለበት። ይህን ስሌት እወደዋለሁ፤ የሚገመት ነገር የለውም።

ሲሉን በዝርግ ብረት ዙሪያውን እኩል እየተጫንኩ አስገባሁት፤ ከንፈሩንም ዘይት ቀባሁት። በቮላኖው ውስጥ ያለችውን ትንሿን ኦሪንግም፣ ክብ የጎማ ቀለበቷን፣ ቀየርኩ። እሷ ከተረሳች ዘይቱ በመሐል አልፎ ይመጣል፣ ሰውም አዲሱን ሲል ይረግማል። ከመዝጋቴ በፊት ድጋሚ ለካሁ፦ 0.10።

ሁለት ሊትር ተኩል አዲስ ዘይት ሞልቼ አስነሳኋት። ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ከሥሯ ተኝቼ በባትሪ ስመለከት ቆየሁ፤ ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ በቀዝቃዛው ያልታየው ያኔ ነው የሚወጣው። መገናኛው ደረቅ ነው። በቀኝ በኩል ያለው ያ የፑሽሮድ ቱቦ ግን አሁንም ጫፉ ላይ ያልበዋል። ለሱ ቴስታታው፣ ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ፣ መውረድ አለበት፤ የስምንቱንም ቱቦዎች አሥራ ስድስት የጎማ ቀለበቶች አንድ ላይ እቀይራቸዋለሁ።